«ገና አልቆረቆረኝም» እያሉ ሌንስ ማቆየት

የአክስቴ ልጅ ሠርግ ማታ፣ በመነጽር ፈንታ ዓይኔ ላይ የማደርገውን ሌንስ (ኮንታክት ሌንስ) ሳላወልቅ ተኛሁ። ደክሞኝ ነበር፣ ጫማዬን ማውለቄንም እንጃ። ጠዋት ዓይኔ በርበሬ መስሎ፣ መስኮቱን ማየት አቅቶኝ ነቃሁ። አክስቴ አየችኝና «አንቺ ልጅ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅሺ ነው እንዴ ያደርሽው?» አለችኝ።

ሌንሱ የወር ነው፣ በወሩ ተጥሎ በአዲስ የሚለወጥ። ከተከፈተ ገና 20 ቀኑ። ታዲያ ምን አጠፋሁ ብዬ ነበር። ያጠፋሁት ሁለት ቆጠራ አምታትቼ ነው። አንደኛው ቆጠራ ሌንሱ ከተከፈተ በኋላ ስንት ቀን ይቆያል የሚለው ነው። ሁለተኛው በአንድ ቀን ውስጥ ስንት ሰዓት ዓይን ላይ ይቆያል የሚለው። የሚጣል ሌንስ የምናደርግ ሰዎች ብዙው ስህተታችን የሚመጣው ከዚህ መምታታት ነው።

«የወር» ማለት 30 ጊዜ ማድረግ ይመስለናል

አይደለም። ቀኑ የሚቆጠረው ማሸጊያው ከተከፈተበት ሰዓት ጀምሮ ነው። በሳምንት አንዴ ለቅዳሜ ፕሮግራም ብቻ ብታደርጉትም በ30ኛው ቀን ይጣላል። የሁለት ሳምንቱም በ14ኛው ቀን። ማስቀመጫው ውስጥ ተኝቶ ሲከርም ሌንሱም ያረጃል፣ ተሕዋስያንም ይበዙበታል።

በእኛ አቆጣጠር ሂሳቡ ቀላል ነው። ጥቅምት 5 የከፈታችሁትን ኅዳር 5 ትጥላላችሁ። የምታሳስተው ጳጉሜን ብቻ ናት። ነሐሴ 20 የተከፈተ ሌንስ የሚጣለው መስከረም 20 ሳይሆን መስከረም 15 ነው (ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን ደግሞ መስከረም 14)። እኔ የከፈትኩበትን ቀን ማስቀመጫው ላይ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ። ለማስታወስ መሞከር ትቻለሁ።

የአንድ ቀኑን አጥቦ ለነገ ማሳደር

ይሄን የምናደርገው ለብር ብለን ነው፣ አልዋሽም። ግን የአንድ ቀን ሌንስ ሲሠራ መታጠብ ታስቦለት አልተሠራም። ስስ ነው፣ ሲታሽ ይቀደዳል። በእንባ ውስጥ ያለው ፕሮቲንና ቅባት ደግሞ በአንድ ቀን ውስጥ ይጣበቅበታል። ድሮ አንድ ጥንድ ለስላሳ ሌንስ ዓመትና ከዚያም በላይ ይደረግ ነበር። እየተጣሉ የሚለወጡት ሌንሶች በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጨረሻ ገበያ የገቡት አንዱ ምክንያት ይሄው የሚጠራቀም ቆሻሻ ነው።

ወጪው ከከበዳችሁ ሐኪማችሁን የወር ሌንስ ጠይቁና በደንብ እያጠባችሁ አድርጉት። የአንድ ቀኑን ሦስት ቀን ከመጎተት በብዙ ይሻላል።

አድርጎ መተኛት

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ብዙ ዓይን የሚጎዳው እዚህ ነው።

ጥቁሩን የዓይናችንን ክፍል የሚሸፍን እንደ መስታወት የጠራ ስስ ሽፋን አለ፤ ኮርኒያ ይባላል። ኮርኒያ የደም ሥር የለውም። ኦክስጅን በብዛት የሚያገኘው በቀጥታ ከአየር፣ በእንባ በኩል ነው። ስንተኛ የዓይን ቆባችን ይዘጋና የሚገባው ኦክስጅን ይቀንሳል። በዚያ ላይ ሌንስ ሲጨመርበት ሁለት ብርድ ልብስ እንደመደረብ ነው። ኮርኒያው ያብጣል፣ ይዳከማል፤ ባክቴሪያ የሚገባበት ቀዳዳ ያገኛል። የአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ ሌንስ አድርጎ መተኛት የዓይን ኢንፌክሽን አደጋን ከ6 እስከ 8 እጥፍ እንደሚጨምር ይናገራል።

«የቀን እንቅልፍስ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እሱም እንቅልፍ ነው። አንድ ሰዓትም ብትሆን ውልቅ አድርጉት።

ተደርጎ እንዲታደር የተፈቀደ ሌንስ አለ፣ አንዳንዱም እስከ 30 ሌሊት። ግን የሚፈቅድላችሁ ዓይናችሁን ያየ ሐኪም ነው። ተፈቅዶም ቢሆን አደጋው አውልቆ ከመተኛት ይበልጣል።

አውሮፕላን ላይም ያው ነው። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ አሥራ ምናምን ሰዓት ተቀምጦ ይመጣል። የአውሮፕላን ውስጥ አየር ደረቅ ነው፣ ሌንሱም ይደርቃል፣ ሰውየውም መተኛቱ አይቀርም። መነጽር አድርጎ መሳፈር ነው እንጂ። ቦሌ ላይ ለፎቶ ማማር ካስፈለገ ከማረፉ በፊት እጅን ታጥቦ ማድረግ ይቻላል።

«ካልቆረቆረኝ ምን አለበት»

ብዙ ሐኪሞች በቀን ከ10 እስከ 12 ሰዓት እንዲያልፍ አይመክሩም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ያደረገ ሰው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ቢያወልቅ ጥሩ ነው። ስሜታችን ላይ መተማመን አያዋጣም። ዓይን ሌንስን ስለሚለምድ ኮርኒያው ኦክስጅን አጥሮትም ላይነግረን ይችላል። ኮምፒውተርና ስልክ ላይ ስናፈጥ ደግሞ ማርገብገብ ስለምንረሳ ቶሎ ይደርቃል። ቡና ሲፈላ ጭሱና ዕጣኑም አለ፤ እሱን እንኳ ራቅ ብሎ መቀመጥ ይበቃል።

ውሃ ማስነካት

በቧንቧ ውሃ ማጠብ፣ አድርጎ ሻወር መውሰድ፣ አድርጎ መዋኘት፣ በምራቅ አርሶ መመለስ (አዎ፣ አይቻለሁ)። ሁሉም አንድ ናቸው። «በሃይላንድ ባጥበውስ?» እሱም ውሃ ነው፣ ለመጠጥ እንጂ ለሌንስ አይሆንም።

አካንታሜባ የምትባል በዓይን የማትታይ ነፍስ አለች። በቧንቧ ውሃም፣ በሐይቅም፣ በአፈርም ትኖራለች። ከባድ ሲሆንባት ጠንካራ ቅርፊት ለብሳ ትተኛለች፤ ክሎሪን እንኳ በቀላሉ አይገድላትም። ከሌንሱ ጋር ተጣብቃ ኮርኒያ ውስጥ ከገባች ሕመሟ ከባድ ነው፣ ሕክምናዋም ወራት ይወስዳል፣ ዓይንም ልታጠፋ ትችላለች። የምታጋጥመው ከስንት አንድ ነው። ግን አሜሪካ ውስጥ ከምትይዛቸው አብዛኞቹ ሌንስ አድራጊዎች ናቸው።

ስለዚህ ለጥምቀት ጃንሜዳ የምትሄዱ፣ ወይም ጸበል ልትጠመቁ የምትነሱ፣ የዛን ቀን በመነጽር ሂዱ። ጸበሉን እየሸሹ መጠመቅ አይቻልም።

አሮጌ ፈሳሽ ላይ አዲስ መጨመር

ሌንሱ ማስቀመጫው ውስጥ የሚዘፈዘፍበትን የማጠቢያ ፈሳሽ፣ የትናንቱን ሳይደፉ ላዩ ላይ ጠብ ማድረግ መድኃኒቱን ያቀጥነዋል። በየቀኑ ሙሉ በሙሉ ይደፋል። ሌንሱም መዳፍ ላይ ተደርጎ በፈሳሹ በጣት ቀስ ብሎ ይታሻል፤ ጠርሙሱ «ማሸት አያስፈልግም» ቢልም እሹት። ማስቀመጫውን በአዲስ ፈሳሽ አለቅልቃችሁ ክፍቱን ገልብጣችሁ አድርቁት። በየ3 ወሩ ደግሞ ይጣል። ሳላይን የሚባለው ጨው ያለበት ውሃ ማለቅለቂያ ብቻ ነው፣ ጀርም አይገድልም።

የከለር ሌንስ ከጓደኛ መዋስ

ለሠርግ፣ ለምርቃት፣ ለፎቶ። መዋቢያ ከሚሸጥበት ሱቅ ከሊፕስቲክ ጎን ተሰቅሎ የሚገዛ ሌንስ አለ። ዓይን የየራሱ ስፋትና ጉብታ አለው፤ ያልተለካ ሌንስ ኮርኒያን ይፍቃል። አሜሪካ ውስጥ ቁጥር የሌለው የከለር ሌንስ እንኳ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መሸጥ ሕገወጥ ነው። ሙሽሮች ሆይ፣ ካማራችሁ ከሠርጉ ወር ቀደም ብላችሁ ዓይናችሁን አስለኩ። በቀኑ መጀመሪያ ሌንሱን አድርጉ፣ ከዚያ ኩሉን ተኳሉ። ማታ መጀመሪያ ሌንሱን አውልቁ፣ ከዚያ ሜካፑን እጠቡ። የተዋሰ ግን በፍጹም።

ሲቀላ ጠብታ ገዝቶ መቀጠል

ከሠርጉ ማግስት እኔም መጀመሪያ የሮጥኩት ፋርማሲ ነው። «ለሚቀላ ዓይን» ብዬ ጠብታ ተሰጠኝ። በኋላ ሐኪሟ ስታየው ስቴሮይድ የሚባል፣ ቅላትና እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት ያለበት ነበር። እንዲህ ያለ ጠብታ ቅላቱን ያጠፋል፣ ሰው ዳነ ይመስለዋል፤ ኢንፌክሽኑ ግን ከሥር ሊብስ ይችላል። ሌንስ አድርጎ የቀላ፣ የሚያም፣ ብርሃን የሚጠላ፣ የደበዘዘ ወይም የሚያዥ ዓይን ለነገ አይባልም። አንዳንዱ ባክቴሪያ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ኮርኒያን ያበላሻል። ሌንሱን አውልቁና ያን ቀን የዓይን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሌንሱንና ማስቀመጫውን አትጣሉ፣ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከእነሱ ናሙና ሊወሰድ ይችላል።

መነጽር አለመያዝ

ሐኪሟ «ሁለት ሳምንት ሌንስ የለም» አለችኝ። ቤት የነበረኝ መነጽር የአምስት ዓመት ነው፣ ቁጥሩም ከዓይኔ ጋር ከተለያየ ቆይቷል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ታክሲ ተራ ላይ የማላውቀውን ሰው እያቀፍኩ፣ የማውቀውን እያለፍኩ ከረምኩ። አክስቴ እስካሁን ኮርተሽብኝ ነበር ትለኛለች።