ስክሪን ሪደር ርዕስ አላገኝም ያለው ፒዲኤፍ እንዴት ተስተካከለ

ዓይነ ስውር የሆነች የዶክትሬት ዕጩ ባልደረባችን የመመረቂያ ጽሑፍ መመሪያውን ኤንቪዲኤ በተባለው ስክሪን ሪደር (ስክሪን ላይ ያለውን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም) ስትከፍት ንባቡ ይዘበራረቅባታል። ወደ ርዕስ ለመዝለል ኤች ስትጫን ምንም ርዕስ የለም ይላታል። ሰንጠረዡንማ ቁጥሩን ከአምዱ ነጥሎ ዝም ብሎ ያነበንበዋል።

ኤንቪዲኤን አጥፍተን እንደገና ጫንን፣ ድምፁን ቀየርን፣ ፋይሉን በክሮም ከፈትነው፤ ወይ ፍንክች! ከምስል ላይ ፊደል የሚለየውን ኦሲአርም ሞከርን። ፊደሉን አወጣልን እንጂ ርዕሶቹን አልመለሰልንም።

ፍንጩ የተገኘው ፋይሉን በአክሮባት ሪደር ከፍተን ኮንትሮልና ዲ ስንጫን ነው። «ታግድ ፒዲኤፍ» ከሚለው አጠገብ «ኖ» ይላል። ለካ ከወርድ የወጣው በ«ማይክሮሶፍት ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ» ነው። በዚህ መንገድ የገጹ መልክ እንዳለ ይቆያል፣ ርዕሱንና ሰንጠረዡን ለስክሪን ሪደር የሚለየው ምልክት («ታግ») ግን ይጠፋል።

ስለዚህ ዋናውን የወርድ ፋይል አስላክን። በቦልድ ብቻ የደመቁትን ርዕሶች «ሄዲንግ 1» እና «ሄዲንግ 2» አደረግናቸው፣ በሰንጠረዡ የመጀመሪያ ረድፍ ላይ «ሪፒት ሄደር ሮውስ»ን መረጥን፣ ለሥዕሎቹም ሥዕሉን በቃላት የሚገልጽ «አልት ቴክስት» ጻፍን። ከዚያ «ሴቭ አዝ» ብለን ፒዲኤፍ መረጥንና «ኦፕሽንስ» ውስጥ «ዶክዩመንት ስትራክቸር ታግስ ፎር አክሰሲቢሊቲ» ላይ ምልክት መኖሩን አይተን አስቀመጥነው።

አሁን በኤች ከምዕራፍ ምዕራፍ ትዘላለች፣ በቲ ሰንጠረዡ ላይ ታርፋለች። ለሠራተኞች የሚላክ ደብዳቤና መመሪያም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ እባካችሁ ከመላካችሁ በፊት ወርድ ላይ «ሪቪው» ውስጥ ያለውን «ቼክ አክሰሲቢሊቲ» አንዴ ተጫኑት።