የመምህራን ማኅበራትና የመንግሥት ግጭት ታሪክ እንዴት ይመረመራል?

ይህን ታሪክ የሚመረምር ሰው ከአድማው መነሻ ይልቅ አድማው ሲያበቃ ከተፈረመው ስምምነት ቢጀምር ይሻለዋል፤ ጠቡ በምን ላይ እንደ ነበር ከአደባባይ ንግግር ይልቅ ፊርማ ያረፈበት ጽሑፍ ያሳያልና። እ.ኤ.አ. በ2012 የቺካጎ መምህራን ለሰባት የትምህርት ቀናት ሥራ ሲያቆሙ፣ ለሩቅ ተመልካች ነገሩ የደመወዝ ቢመስልም፣ ከዋነኞቹ መከራከሪያዎች አንዱ የተማሪዎች ፈተና ውጤት በመምህሩ ምዘና ውስጥ ምን ያህል ይታሰብ የሚለው ነበር።

ቀጥሎ ሕጉ ይነበብ። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካዋ የዊስኮንሲን ግዛት የወጣው አክት 10 የተባለው ሕግ የመምህራንን የጋራ ድርድር (ማኅበሩ በአባላቱ ስም ከአሠሪው ጋር የሚያደርገውን ድርድር) በመሠረታዊ ደመወዝ ብቻ ስለ ወሰነ፣ ከዚያ ወዲህ በተፈረመ ውል ውስጥ በአንድ ክፍል ስለሚኖረው የተማሪ ብዛት አንቀጽ መታጣቱ መምህራኑ ጥያቄ አልነበራቸውም አያሰኝም።

የወላጆች ሐሳብ ግን ከሁለቱ ወገኖች መግለጫ አይቀዳም (ሁለቱም በወላጅ ስም መናገር ይወዳሉ)፤ ለጋዜጦች ከተላኩ የዘመኑ ደብዳቤዎች ይለቀም።