የትኛው ፋንክሽን ነው የሚንቀራፈፈው?

የፓይተን ኮዳችሁ ሲንቀራፈፍ በየፋንክሽኑ ውስጥ ሰዓት የሚይዝ መስመር አትሰግስጉ። አንድ ዲኮሬተር (ሌላ ፋንክሽንን ጠቅልሎ ተጨማሪ ሥራ የሚሠራ ፋንክሽን) ጻፉና መለካት ከፈለጋችሁት ፋንክሽን አናት ላይ በ@ ምልክት ስሙን ጣል አድርጉ። ሲበቃችሁ መስመሯን ማጥፋት ነው፣ አለቀ።

ዲኮሬተሩ ፋንክሽኑን ከመጥራቱ በፊት ሰዓት ይይዛል፣ ይጠራዋል፣ ልዩነቱን ያትምና ውጤቱን ይመልሳል። መመለሱን እንዳትረሱ! አለዚያ ፋንክሽናችሁ ሁሌ ‹‹ኖን›› (None፣ ባዶ ውጤት) እየሰጠ ያደናግራችኋል።

ሰዓቱን በፓይተን ‹‹ፐርፍ ካውንተር›› (time.perf_counter) ያዙ። ‹‹ታይም ታይም›› (time.time) ግን የኮምፒውተሩ ሰዓት መሀል ላይ ከተስተካከለ ቁጥሩን ያዛባዋል።

ደግሞ ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብላችሁ፣ ሁሉም በሚሻማው ዋይፋይ ከሰርቨር ዳታ የሚያመጣ ፋንክሽን ለክታችሁ ኮዱን አትውቀሱት። ፐርፍ ካውንተር ኔትወርክ የተጠበቀበትንም ይቆጥራል። ፕሮሰሰሩ የሠራበትን ብቻ ከፈለጋችሁ ‹‹ፕሮሰስ ታይም›› (time.process_time) አለላችሁ። እኔ ሁለቱንም ጎን ለጎን ነው የማሳትመው። የመጀመሪያው 4 ሰከንድ፣ ሁለተኛው 0.1 ካለ፣ ኮዱ ሲጠብቅ ነበር ማለት ነው። ኮዱ ውስጥ ያለውን ሎፕ ብታሻሽሉት ምንም አይፈይድም።

‹‹ኤሲንክ›› (async፣ እሱ ሲጠብቅ ሌላ ሥራ እንዲቀጥል የሚፈቅድ) ፋንክሽን ላይ ግን ይሄው ዲኮሬተር ዜሮ ገደማ ያሳያችኋል፤ ለሱ ውስጡ ‹‹አዌት›› (await፣ እስኪጨርስ ጠብቅ የሚል ቃል) ያለው ሌላ ጻፉ።