ዓባይ በረሃ ላይ የጋለች ኮሮላ፣ ከኋላ ውሻ
ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሲወጣ የኮሮላዋ ሞተር ሙቀት አሻቀበ። ሜዳ ላይ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ቀስ ሲል የሚግል ሞተር፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የራዲያተሩ ማቀዝቀዣ ፋን ነው፤ በፍጥነት ሲነዳ የፋኑን ሥራ ነፋሱ ይሸፍንለታል።

ከሁሉ በፊት ውሻዋ ወረደች። ውሻ ሙቀት የምታስወጣው በዋናነት በማለክለክ ስለሆነ የቆመ መኪና ውስጥ ቶሎ ትጎዳለች። ጥላ፣ ጥቂት በጥቂት ውሃ፣ ሆድና መዳፏን ማርጠብ።

ፊውዙ ደህና ነው። የፋኑን ሶኬት ነቅሎ በሁለት ሽቦ ከባትሪው ጋር በቀጥታ ሲያገናኙት ዞረ፤ ስለዚህ የተጠረጠረው ሪሌው፣ ማለትም ለፋኑ መብራት የሚሰጠውና የሚያቋርጠው ትንሽ ማብሪያ፣ ነው። እግሩና ቁጥሩ አንድ የሆነ የክላክስ ሪሌ ነቅሎ እሱ ቦታ ሲሰካ ፋኑ ተነሳ። (ያለ ክላክስ ያንን ጠመዝማዛ መውጣት ግን ደስ አይልም።)

ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) የሚጨመረው የራዲያተሩ የላይኛው ቱቦ በርዶ፣ ሲጨመቅ ሲለሰልስ ብቻ ነው፤ በትኩሱ ክዳኑን የከፈተ ፊቱን ይቀቀላል።