ዳገት ላይ ትንፋሽ ሲከዳ፦ ጎንደር ላይ ግማሽ ማራቶን ለሚሮጥ ችግርና መፍትሄ

ጎንደር ላይ ሜዳ ፈልጎ 21 ኪሎ መሮጥ ዘበት ነው። ከፒያሳ ወደ ጎሃ ሆቴል ዳገት ነው። ወደ ቁስቋምም ዳገት ነው። ወደ አዘዞ ከወረዱ ደግሞ መልሱ ዳገት ነው። በዚያ ላይ ከተማዋ ከባህር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች አየሩ ሳሳ ይላል።

ለተሰንበት ግደይ በ2021 እ.ኤ.አ. ቫሌንሲያ ላይ ግማሽ ማራቶንን በ1፡02፡52 ስትጨርስ እያንዳንዱን ኪሎ በአማካይ ከ3 ደቂቃ በታች ነው የሮጠችው። ቫሌንሲያ ግን በስፔን የባህር ጠረፍ ላይ ያለች ሜዳ ከተማ ናት። እዚያ ኪሎውን ሁሉ እኩል ማድረግ ያዋጣል። እዚህ እኩል መሆን ያለበት ትንፋሹ ነው፤ ሰዓቱ ከፍ ዝቅ ይበል። ከታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ ይህን ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

«ገና ሦስተኛው ኪሎ ላይ ትንፋሼ ቁርጥ አለ»

ይህን የሚል ሯጭ ብዙ ጊዜ አቅም አንሶት አይደለም። መነሻው ላይ እግር ትኩስ ነው፣ ሰው ይጮሃል፣ ሁሉም ይፈተለካል። ሜዳው ላይ የያዘውን ፍጥነት እንደያዘ ዳገቱ ውስጥ ይገባል። ፍጥነቱ ያው ነው፣ ሥራው ግን ሌላ ነው።

ዳገት ሂሳቡን ወዲያው አይጠይቅም። የልብ ምት ከአዲሱ ሥራ ጋር እስኪስተካከል ጊዜ ይወስዳል። በዚያች የመጀመሪያ ደቂቃ ዳገቱ ቀላል ይመስላል። ከባድ መሆኑ ሲታወቃችሁ ቀድሞውኑ አልፋችሁ ሄዳችኋል።

መፍትሄው ዳገቱ ሳይጀምር ፍጥነት መቀነስ ነው። ልኩን ደግሞ አፋችሁ ይነግራችኋል። በሩጫው የመጀመሪያ ግማሽ፣ ዳገቱ መሃል ላይ፣ አጠገባችሁ ላለው ሰው አንድ ሙሉ ነገር ተናገሩ። «አይዞህ ወንድሜ፣ ይህቺን እንውጣና ከዚያ ይቀለናል» ብላችሁ ከጨረሳችሁ ልክ ናችሁ። «አይዞህ» ብላችሁ አየር ከሳባችሁ ፈጥናችኋል፣ ቀንሱ።

እርምጃ አሳጥሩ። ከወገብ አትጎንበሱ፤ ደረት ከታጠፈ አየር አይገባም። ዓይናችሁን ከፊታችሁ ጥቂት ሜትሮች ላይ ጣሉት፣ አናቱን እያያችሁ አትጨነቁ። በጣም ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ፈጠን ብሎ መራመድ ነውር የለውም። ከሚንገዳገድ ሶምሶማ ይልቅ ጠንካራ እርምጃ ብዙ ጊዜ እኩል ያደርሳል፣ ትንፋሽም ያተርፋል።

ከመተማ ወይም ከሑመራ ቆላ ለመጣ ሯጭ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ፦ ከፍታው። እዚያ የለመዳችሁት ፍጥነት እዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አይገኝም። ከተቻለ ቀደም ብላችሁ ኑና ልመዱ። ካልተቻለ የምትፈልጉትን ሰዓት ዝቅ አድርጉ፤ ሰውነታችሁ ደካማ ሆኖ አይደለም።

«ዳገቱን በደንብ ወጥቼ አናቱ ላይ ሞትኩ»

ምክንያቱ የመጨረሻዋ ግፊት ናት። ጫፉ ሲታይ ሁሉም ይጨምራል። ከዚያ አናቱ ላይ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቆማል፣ ወይም የሚቀጥሉትን ብዙ ሜትሮች ይጎተታል። ያገኛት ጥቂት ሰከንድ እዚያው ታልቃለች።

ጫፉን የዳገቱ ማለቂያ አታድርጉት። ማለቂያው ከጫፉ አልፎ ካለው ዛፍ ወይም ሱቅ ጋር ይሁን። እስከዚያ ድረስ ያንኑ ልክ ይዛችሁ ሩጡ፣ ትንፋሽ ሲመለስ ያኔ እግር ይለቀቅ። ጎሃ ዳገት ላይ ልምምድ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ሞክሩት። ብዙ ሰው ሆቴሉ በር ላይ ሲደርስ ሰዓቱን አጥፍቶ ይቆማል። እናንተ ቆማችሁ አትቅሩ፣ በሶምሶማ ዙሩ። ሰውነት የሚለምደው የተለማመደውን ነው።

«ዳገት ላይ ያጣሁትን ቁልቁለት ላይ እመልሳለሁ»

አይመለስም። ነገሩ የስሌት ነው። መንገዱ ግማሹ ዳገት፣ ግማሹ ቁልቁለት ነው እንበል። ዳገቱን በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር፣ ቁልቁለቱን በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር ሮጣችሁ። አማካዩ 12 ይመስላል። 12 ቢሆን ኖሮ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ተኩል ገደማ ትገቡ ነበር። በእውነት የምትገቡት ግን በ1 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። ምክንያቱም ዳገቱ ላይ የምትቆዩበት ጊዜ ይበልጣል።

ስለዚህ ዕቅዳችሁን ስታወጡ ሜዳ ላይ ካመጣችሁት ሰዓት ላይ ጥቂት ደቂቃ ጨምሩበት። ያልተመለሰውን ለመመለስ ቁልቁል መብረር ደግሞ ወደሚቀጥለው ችግር ይወስዳል።

«ቁልቁለት ላይ ጭኔ ተቃጠለ፣ ከዚያ በኋላ እግሬ አልታዘዝ አለኝ»

እኔ ከሁሉ በላይ የምፈራላችሁ ይህንን ነው፤ ምክንያቱም ቁልቁለት አያደክምም የሚባል ነገር አለ። ትንፋሽ አያደክም ይሆናል። የፊት ጭን ጡንቻ ግን እየተለጠጠ ፍሬን ይይዛል፣ እያንዳንዷ ማረፊያ ትጎዳዋለች። እግር ከሰውነት ቀድሞ ሩቅ ላይ በተረከዝ ሲያርፍ ደግሞ ፍሬኑ ይብሳል።

እርምጃችሁን አሳጥሩና አፍጥኑት። እግራችሁ ከወገባችሁ ሥር ይረፍ። ወደ ኋላ አትንጋለሉ፤ ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል በሉ። እጃችሁን ፈታ አድርጉ፣ ሚዛን ይጠብቃል። የእግራችሁ ኮቴ ጠፍ ጠፍ እያለ ከተሰማ ፍሬን እየያዛችሁ ነው። ክረምት ላይ ኮብልስቶን ያለበትን ቁልቁለት ተዉት፣ እርጥብ ድንጋይ ያንሸራትታል።

ጭን ደግሞ በልምምድ ይጠነክራል። በሳምንት አንድ ቀን መጠነኛ ቁልቁለት በልኩ ውረዱ። በመጀመሪያው ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ደረጃ መውረድ ያቅታችኋል፤ በሚቀጥሉት ጊዜያት ሕመሙ ይቀንሳል። የውድድሩ ሳምንት ግን አትሞክሩት።

«ወደ አዘዞ እየበረርኩ ወረድኩ፣ ስመለስ ግን ማራኪ ሰፈር ሳልደርስ አለቀልኝ»

ይህ የጎንደር ሯጭ ዋነኛ ሕመም ነው። ከፒያሳ ወደ አዘዞ መንገዱ በጥቅሉ ቁልቁል ነው። ቁልቁለቱ ብዙ ቦታ ለስላሳ ስለሆነ ዓይን ሜዳ ነው ይላል። ሯጩ «ዛሬ እግሬ ጥሩ ነው» ይላል። እግሩ ሳይሆን መንገዱ ነው ጥሩ የሆነው። ከዚያ ይዞራል፣ ያው ለስላሳ መንገድ ሽቅብ ይሆናል፣ ፀሐይም ወጥታለች፣ ጭኑም ፍሬን ሲይዝ ነበር።

2 ሰዓት የምትፈልጉ ከሆነ አማካዩ በኪሎ 5፡41 ነው። ይህን ለሁለት እኩል አትክፈሉት። መውረጃው 57 ደቂቃ፣ መመለሻው 63 ደቂቃ ቢሆን ቆንጆ ሩጫ ነው። መውረጃውን በ52 የጨረሰ ሰው ግን ጎበዝ ሆኖ ካልሆነ በቀር መመለሻው ላይ ይከፍለዋል። ስትወርዱ ሊሰማችሁ የሚገባው «እየቆጠብኩ ነው» የሚል ስሜት ነው። ከኋላ የነበሩ ሰዎች ሲያልፏችሁ ዝም በሏቸው። ብዙዎቹን ሽቅብ ላይ ታገኟቸዋላችሁ፣ ያኔ «አይዞን» በሏቸው።

ልምምድ ላይ ከሆናችሁ ጠዋት 12 ሰዓት ገደማ ጀምሩ። መንገዱ የኤርፖርትና የባህር ዳር መንገድ ነው፣ ከባድ መኪናና ባጃጅ ይበዛበታል። በግራ ጠርዝ፣ መኪናው ከፊት እየታያችሁ ሩጡ።

«ሰዓቴ የሚያሳየው ፔስ ዝም ብሎ ይዘላል»

የጂፒኤስ ሰዓት የወቅቱን ፔስ፣ ማለትም አንድ ኪሎ በስንት ደቂቃ እየሮጣችሁ እንደሆነ፣ የሚያሰላው ከሳተላይት በሚያገኘው ቦታ ነው፤ ዘግየት ይላል፣ ሕንጻ መሃል ደግሞ ይሳሳታል። ዳገቱንም አያስብላችሁም። የወቅቱን ፔስ ከስክሪኑ አውጡት። የተሮጠበትን ጊዜና ርቀት ብቻ አስቀሩ፣ ዳገት ላይ አትዩት፣ መዞሪያው ላይ እዩት።

«ከ16 ኪሎ በኋላ ራሴን አዞረኝ»

ይህ ከፍጥነትም ከምግብም ይመጣል። ሰውነት ያስቀመጠው ስኳር በጠንካራ ሩጫ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሲያልፍ እየተሟጠጠ ይሄዳል፣ ዳገት ላይ የበዛ ግፊት ደግሞ ቶሎ ይጨርሰዋል። ዳገት ሲደርሱ ለፈረስ ገብስ መስጠት ዋጋ የለውም ይባላል፣ ለሯጭም ያው ነው። ከመነሳታችሁ ሁለት ሦስት ሰዓት በፊት ዳቦ በማር ወይም በሶ ብሉ። መንገድ ላይ ተምር ያዙ፤ የመጨረሻው ዳገት ሳይደርስ፣ ገና ሳይርባችሁ ብሉት። ከውሃ ጋር ይሁን፣ በትንሽ በትንሹ።

በጾም ወቅት ረጅሙን ሩጫ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በምትጾሙበት ቀን አታድርጉት። ቅዳሜ ወይም እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ቀማምሳችሁ፣ ፀሐይ በረድ ሲል ሩጡ። ራስ ማዞሩ እረፍት ላይም ካልተወ፣ ወይም ደረት ላይ ሕመም ካለ፣ የፔስ ጉዳይ አይደለም። ሩጫውን አቁማችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።