የሪሞት ጀልባችሁን ሣር ሲይዘው

ሐዋሳ ሐይቅ ላይ የሪሞት ጀልባ ለምትነዱ፦ ሞተሩ ማቃሰት ሲጀምር ፍጥነት አትጨምሩ። ፕሮፔለሩ ላይ የውሃ ሣር ተጠምጥሟል ማለት ነው። እኔ እልህ ይዞኝ አንድ ሞተር አቃጥያለሁ።

ማለዳ ነፋሱ ሳይነሳ፣ ሬክ (ጥርስ ያለው የሣር መሰብሰቢያ) ላይ ረጅም ገመድ አስራችሁ ሣሩ ውስጥ ወርውሩና ቀስ እያላችሁ ጎትቱ። ጀልባዋን የሚያሳልፍ መንገድ ይበቃል። ሁሉን አትንቀሉ፤ የቆሮሶ ዓሣ ጫጩቶች የሚደበቁት እዚያ ነው። የነቀላችሁትን ውሃው ውስጥ አትተዉት፣ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሳል። መድኃኒት መርጨትማ አይታሰብም! ዓሣውን የምንበላው እኛው ነን።

ቆቃ ወስዳችሁ ከነዳችሁ ግን ጀልባውን እዚያው አጥባችሁ፣ በደንብ አድርቁ። እዚያ ያለው የእምቦጭ አረም ከቁራጭ ይበቅላል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል።