የቫምፓየር ልብ ወለዶችን ስንመዝን ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በዛሬ ከተሞች ውስጥ ስለሚኖሩ ቫምፓየሮች፣ ማለትም ሞተው ተመልሰው የሰው ደም ይጠጣሉ ስለሚባሉ ፍጡራን፣ የሚተርኩ ልብ ወለዶች ሲነሡ፣ ከማያነቧቸው ሰዎች የሚሰማው አስተያየት አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አይዘልም፤ አንዱ «የሰይጣን ሥራ ነው» ይላል፣ ሌላው ደግሞ «የልጃገረድ ቅዠት ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም መጽሐፉ ሳይገለጥ የተሰጡ ፍርዶች ናቸው። እኔ እነዚህን መጻሕፍት ለዓመታት ያነበብሁ ሰው ብሆንም ሁሉም ጥሩ ናቸው ብዬ አልከራከርም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ ደካሞች ናቸው። ነገር ግን ደካማውን ከጠንካራው ለመለየት አንባቢን የሚስበው ምን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ስለሚያስፈልግ፣ በዚህ ረገድ ደጋግመው የሚያጋጥሙኝን ስህተቶች አንድ በአንድ አነሣለሁ።

መስሕቡ ፍርሃት ነው ብሎ መነሣት

በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የባልካን ገበሬዎች ይፈሩት የነበረው ቫምፓየር ማንንም የሚስብ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1725 ኪሲሎቫ በተባለች የሰርቢያ መንደር ፔታር ብላጎዬቪች የተባለ ሰው ከሞተ በኋላ ጎረቤቶቹን ገደለ ተብሎ መቃብሩ ተከፈተ፤ ሬሳው አለመፍረሱንና በአፉ ደም መኖሩን ያዩት የመንደሩ ሰዎች በልቡ ላይ የሾለ እንጨት ተክለው አቃጠሉት። ከዚህ ሬሳ ጋር በፍቅር የሚወድቅ አንባቢ የለም። ለውጡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1816 በጄኔቫ ሐይቅ ዳር ከእንግሊዛዊው ባለቅኔ ከሎርድ ባይረን ጋር የከረመው ሐኪም ጆን ፖሊዶሪ ከሦስት ዓመት በኋላ በታተመ አጭር ታሪኩ ቫምፓየሩን ከመቃብር አውጥቶ በለንደን መኳንንት ግብዣ ላይ ባስቀመጠው ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ቫምፓየር ማለት አምሮ የለበሰ፣ ጨዋታ የሚያውቅ፣ በመካከላችን የተቀመጠና ማንነቱን ያልነገረን እንግዳ ሆነ። አንባቢው የሚያነበው ሊፈራው ሳይሆን ሊያውቀው ስለሚፈልግ ነው፤ በአስፈሪነቱ ብቻ የሚመዝነው ሰው ግን መጽሐፉን ላልጻፈው ነገር ይወቅሰዋል።

ሕጎቹን እንደ ጌጥ ማየት

ከሁሉም የሚበልጠው ስህተት ይህ ስለሆነ ትንሽ እቆይበታለሁ። ብዙ ሰው «እውነተኛ ቫምፓየር በፀሐይ ይሞታል» ብሎ ይከራከራል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1897 በታተመው የብራም ስቶከር «ድራኩላ» ውስጥ መስፍኑ በለንደን ጎዳና ላይ በጠራራ ቀን ይታያል፤ ቀኑ ኃይሉን ያጎድልበታል እንጂ አይገድለውም። በፀሐይ መሞትን ያስለመደው እ.ኤ.አ. በ1922 የተሠራ ድምፅ አልባ የጀርመን ፊልም ነው። እንግዲህ ሕጉ ከደራሲ ደራሲ የሚለዋወጥ ከሆነ፣ መጠየቅ ያለበት «ትክክል ነው ወይ?» ሳይሆን «ይህ ሕግ ሰዎቹን ምን ያስደርጋቸዋል?» የሚለው ነው።

ከሕጎቹ ሁሉ የበሩን ሕግ እንመልከት። በስቶከር መጽሐፍ ቫምፓየር ከቤተ ሰቡ አንዱ ግባ ካላለው በቀር መግባት አይችልም፤ አንድ ጊዜ ከተጋበዘ በኋላ ግን እንደ ልቡ ይወጣል ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2001 ሻርሌይን ሃሪስ የጀመረችው፣ በሉዊዚያና ትንሽ ከተማ የምትኖር አንዲት አስተናጋጅ ታሪኳን የምትተርክበት ተከታታይ ልብ ወለድ ይህን ሕግ በአንድ ነጥብ ይለውጠዋል፤ ግብዣው ሊሻር ይችላል። ልጅቱ በራሷ ሳሎን ቆማ «ግብዣዬን አንሥቻለሁ» ስትል፣ በጉልበት ልትገዳደረው የማትችለው ቫምፓየር፣ ምንም ያህል ቢወዳት ወይም ቢቆጣ፣ ወዶ ሳይሆን ተገድዶ ከደጃፉ ይወጣል። አንድም ጥይት አልተተኮሰም፣ አንድም መስቀል አልተነሣም። አንድ ጊዜ የሰጠችውን ፈቃድ መልሳ መውሰድ መቻሏ የመጽሐፉን የኃይል ሚዛን በሙሉ ይገለብጠዋል፤ አንባቢዎችን ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ የሚወስዳቸውም፣ በእኔ ግምት፣ ከቆንጆው ወንድ ይልቅ ይህ ነው። «ቤቶች!» ብሎ ለተጣራ ሁሉ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ይግቡ» እየተባለበት ላደገ አንባቢ ደግሞ ይህ ትዕይንት የተለየ ክብደት አለው። እኛ ዘንድ እንግዳን ከደጅ መመለስ ነውር ነው፤ ገብቶ የተቀመጠውን ውጣ ማለት ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው።

ሁለቱን ዘውጎች አንድ አድርጎ መቁጠር

ኧርባን ፋንታሲ (በዛሬ ከተማ የሚካሄድ የምናብ ታሪክ) እና ፓራኖርማል ሮማንስ (ከተፈጥሮ በላይ የሆኑ ፍጡራን ያሉበት የፍቅር ታሪክ) በአንድ መደርደሪያ ስለሚሸጡ ብቻ አንድ አይደሉም። መለያው ቀላል ነው፦ የፍቅሩን ታሪክ አውጥተን መጽሐፉ ከቆመ ኧርባን ፋንታሲ ነው፣ ከፈረሰ ፓራኖርማል ሮማንስ ነው። የአሜሪካ የፍቅር ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ማኅበር ለፍቅር ልብ ወለድ ባወጣው ትርጓሜ መሠረት፣ ፍቅሩ የታሪኩ ማእከል መሆን፣ ፍጻሜውም ልብን የሚያሳርፍና ተስፋ ያለው መሆን አለበት። ስለዚህ «መጨረሻው ገና ከመጀመሪያው ያስታውቃል» ብሎ ማማረር ሠርግ ሄዶ ሙሽራዋ ማን እንደሆነች አስቀድሜ አውቄአለሁ ብሎ እንደ መከፋት ነው። በአንጻሩ ሎረል ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1993 በሴንት ሉዊስ ከተማ የጀመረችው ተከታታይ የሥራ ታሪክ ነው፤ ባለታሪኳ በክፍያ ሙታንን ታስነሣለች፣ ቫምፓየሮች በሕግ መብት ባገኙበት አገር ደግሞ የሞት ፍርድ ታስፈጽምባቸዋለች። ሚዛኑ በኋለኞቹ ቅጾች ወደ ወሲብ ሲያዘነብል ብዙ የቀድሞ አንባቢዎች የተቀየሙት፣ ሲገዙት የኖሩት መጽሐፍ ዘውጉን ስለለወጠባቸው ነው።

ቫምፓየርን «ቡዳ» ብሎ መተርጎም

ይህ የእኛው ስህተት ነው። ቫምፓየር ሞቶ የተመለሰ ሰው ሲሆን፣ ቡዳ የሚባለው ግን በሕይወት ያለ ጎረቤት ነው፤ በዓይኑ በላ ይባላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባላል። ስሙም እንዲሁ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ቃል አይደለም፤ በአንጥረኞች፣ በሸክላ ሠሪዎችና በቤተ እስራኤል ላይ ሲለጠፍ የኖረ፣ ሰውን ከማኅበር ያገለለ ክስ ነው። ለአንድ የውጭ ልብ ወለድ ብለን ይህን ክስ ማደስ ትርጉሙንም ያበላሻል፣ ሰውንም ይጎዳል። «ደም መጣጭ» የሚለውም ቢሆን በአማርኛ ይበልጥ የበዝባዥ ስድብ ስለሆነ፣ የሚወደድ ገጸ ባሕርይ ሊሸከመው አይችልም። «ቫምፓየር» ብሎ መተው ይሻላል።

የምታነበው ሁሉ የምትመኘው ነው ማለት

አደገኛ ወንድ የምታነብ ሴት አደገኛ ባል ትፈልጋለች ማለት፣ የወንጀል ልብ ወለድ የሚያነብ ሁሉ ነፍስ ገዳይ ሊሆን ነው እንደ ማለት ነው። አንባቢዋ መጽሐፉን ባሻት ጊዜ ትዘጋዋለች፤ ደስታውም በከፊል ከዚያ ይመጣል። ነገር ግን ይህን መልስ ይዞ ማንኛውንም ትችት እንደ ንቀት መቁጠርም ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው «ትዋይላይት» በተባለው ልብ ወለድ ቫምፓየሩ ልጅ የሚወዳት ልጅ ሳታውቅ ሌሊት መኝታ ክፍሏ እየገባ ስትተኛ ይመለከታታል፤ ታሪኩም ይህን እንደ ፍቅር ያቀርበዋል። ይህን የተቹ አንባቢዎች ዘውጉን ስለማያውቁ አይደለም፤ ብዙዎቹ የበሩን ሕግ ከሌሎች መጻሕፍት የተማሩ ናቸው። በዚህኛው መጽሐፍ ቫምፓየር ለመግባት ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ልጅቱም ከገባ በኋላ ልታስወጣው የምትችልበት ቃል የላትም።